የቆሻሻ ክምርና ረቂቃን ነዋሪዎቹ



ቆሻሻ ሲባል ብዙዎቻችን አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ነገር ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ወገኖቻችን ካለቁ ወዲህ፥ ምንም ያን ጊዜ ሕፃን ብሆን፥ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ሳይንስ ስለ ቆሻሻ ምን እንደሚል ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በአንድ ማንኪያ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ምግባቸውንም የሚያፈርሱት ኢንዛይም በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ችግሩ ግን አብዛኞቹ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቢዘሩ አይራቡም። ታዲያ ያልተራባውን እንዴት አድርጎ መመርመር ይቻላል?

ብልሃቱ ሜታጂኖሚክስ ይባላል፤ ስሙም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ባክቴሪያዎቹን አንድ በአንድ ከማርባት ይልቅ፥ የሁሉንም ዲ.ኤን.ኤ. ከአፈሩ ባንድነት ማውጣት ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ስለ ሆነ፥ መመሪያው ከተገኘ ባለቤቱ ባይታወቅም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ፊደላቱን በመሣሪያ አንብቦ ቀድሞ ከታወቁት ጋር በኮምፒዩተር ማስተያየት ነው። ሁለተኛው፥ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ቆራርጦ በቀላሉ በሚራባ ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት፥ ምን ዐይነት ፕሮቲን እንደሚሠራ መፈተን ነው።

በሁለተኛው መንገድ የጃፓን ሊቃውንት በኦሳካ አጠገብ ካለው የኤክስፖ መናፈሻ፥ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ብስባሽ አንድ ኢንዛይም አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2012 አስታወቁ። ኢንዛይሙ የቅጠልን ሽፋን የሚያፈርስ ዐይነት ሲሆን፥ እኛ ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ የሚሠራበትን ፕላስቲክም ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በፈረንሳይ አገር ተሻሽሎ፥ በ72 ዲግሪ ሙቀት በ10 ሰዓት ውስጥ ከፕላስቲኩ 90 በመቶውን ወደ ተሠራበት ንጥረ ነገር መለሰው። እሾህን በሾህ ማለት ይህ አይደለምን?

ሆኖም ነገሩን ማጋነን አይገባም። ይህ ኢንዛይም ፌስታልን አይነካም፤ ጠርሙሱም አስቀድሞ ተፈጭቶ መዘጋጀት አለበት።

በሰፈራችን ሃይላንድ ለቅመው እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች አሉ። አሮጌው ጠርሙስ እንደ ገና አዲስ ጠርሙስ ከሆነ፥ ዋጋው ከፍ ይል ይሆናል። ትርፉ ግን ለነሱ ይደርሳቸው ይሆን? ለዚህ ጥያቄ ኢንዛይም አይገኝለትም፤ መልሱ የሰው ፈንታ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ባዮሎጂን ለፈተና ብቻ አናጥና፤ የቆሼም አፈር ገና ያልታወቀ ነገር ይዞ መርማሪውን ይጠብቅ ይሆናል።