መጀመሪያ ዝቅ፣ ቀጥሎ ከፍ፦ ግራፊክስ ካርድን በእንጅባራ ኦቨርክሎክ ማድረግ

ግራፊክስ ካርድ ከፋብሪካ የሚወጣው ጥቂት አቅም ተቆጥቦበት ነው። ከአንድ የምርት መስመር የወጡ ቺፖች መልካቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ በአነስተኛ ቮልቴጅ በፍጥነት ሲሠራ ሌላው በዚያው ቮልቴጅ ስሌት ይስታል። አምራቹ ደካማው እንኳ እንዳይሳሳት ብሎ ለሁሉም የሚበቃ ቮልቴጅና ሁሉም የሚችለው ፍጥነት ይመድባል። ኦቨርክሎክ ይህን ተቆጥቦ የቀረ አቅም ፈልጎ ሥራ ላይ ማዋል ነው። የዘርፉ ዝነኛ ምሳሌ የኢንቴሉ ሴለሮን 300ኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በ300 ሜጋኸርዝ የተሸጠው ይህ ፕሮሰሰር በብዙ ሰው እጅ 450 ሜጋኸርዝ ይደርስ ነበር። ያን ዓይነት ድግስ ዛሬ የለም። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 የኬፕለር ካርዶቹን ሲያወጣ ፍጥነቱን ካርዱ ራሱ እንዲጨምርና እንዲቀንስ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ካርዶች ሙቀታቸውን፣ የሚስቡትን ዋትና ቮልቴጃቸውን በየቅጽበቱ እየለኩ፣ ክፍተት ባገኙ ቁጥር ያለማንም ትእዛዝ ወደ ላይ ይወጣሉ። ለባለቤቱ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ጭማሪ ነው። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ካርዱን ከዚያ በላይ እንዳይወጣ የያዘው ምን እንደሆነ ነው። በደጋማዋ የእንጅባራ ከተማ የሚይዙት ሙቀትና ኤሌክትሪክ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያቃልለው ደግሞ ቮልቴጅን ዝቅ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢውን አየር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይከራከራል። ከተማዋ ደጋ ናት፣ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ማታ ማታ ያለ ጋቢ አይቀመጡባትም፤ ታዲያ ብርዱ ራሱ ማቀዝቀዣ አይሆንም ወይ? ግማሹ እውነት ነው። እንጅባራ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው እኩል ሙቀት ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የካርዱ ፋን በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ይቀንሳል። በግርድፉ ሲሰላ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከክፍሉ ሙቀት በ50 ዲግሪ በልጦ የሚቆም ካርድ እዚህ በ60 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ባሕር ዳርቻ ባለ 25 ዲግሪ ክፍል 75 የሚያሳይ ካርድ በእንጅባራ 15 ዲግሪ ክፍልም ያው 75 ያሳያል ማለት ነው፤ ብርዱ የሰጠውን የሳሳው አየር ወሰደው። የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ ለኮምፒውተር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ያዝዛል፤ ለእንጅባራ ይህ 5 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር፣ የቪዲዮ መብራትና ሰው ሲጨመር ደግሞ 15 ዲግሪው ራሱ አይገኝም። (በፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ዛፍ ከሚከሰልበት አቅራቢያ ያለ ቤት ከሆነ በክንፎቹ መካከል የሚጋገረው ብናኝ ሌላ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ማንኛውም ሙከራ ከጽዳት በኋላ ይጀመር።)

ቮልቴጅ ላይ ለምን እንደማተኩር ቀመሩ ያስረዳል። አንድ ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ከ1.05 ወደ 0.95 ቢወርድ ይህ ፍጆታ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ፍጥነቱን በ5 በመቶ መጨመር የሚያስከፍለው ግን 5 በመቶ ብቻ ነው። እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለ፣ የዋት ጣሪያው 170 የሆነ ካርድ ጣሪያውን ነክቶ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከታየ፣ መድኃኒቱ ጣሪያውን መስበር ሳይሆን ከሥሩ ቦታ መልቀቅ ነው። ይህን በሰፊው ያረጋገጡት ጌም ተጫዋቾች እንኳ አይደሉም። ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት በነበረበት ዘመን የመብራት ሒሳብ የሚቆጥሩ የገንዘቡ አምራቾች የካርዶቻቸውን ቮልቴጅና የዋናውን ቺፕ ፍጥነት ዝቅ፣ የሜሞሪውን ፍጥነት ግን ከፍ አድርገው ሌት ተቀን ያሠሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢትሪየም አሠራሩን ቀይሮ በካርድ መመረቱ ሲቀር ካርዶቹ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። ከእነዚህ አንዱን የገዛ ሰው፣ በተለይ አርኤክስ 470 ወይም 580 ከሆነ፣ ባዮሱ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ያንን ሳያጣራ ምንም ባይነካ ይሻላል።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሌላ ድርጅት ካርዶችንም ያስተካክላል፤ የኤኤምዲ ካርድ ያለው በአድሬናሊን ውስጥ ያለውን ማስተካከያ መጠቀም ይችላል። ምንም ሳይነካ አንድ የታወቀ ፈተና፣ ለምሳሌ ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽን፣ ለግማሽ ሰዓት ይሠራና የሙቀቱ፣ የፍጥነቱና የነጥቡ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ በቮልቴጅና በፍጥነት መስመሩ ላይ ካርዱ በፈተናው ጊዜ ይዞት የቆየው ፍጥነት በ0.95 ቮልት እንዲሠራ ተደርጎ ከዚያ ቮልቴጅ በላይ ያለው መስመር ይደለደላል። ከጸና ፍጥነቱ በ15 ወይም በ25 ሜጋኸርዝ እየተጨመረ፣ በየደረጃው እየተፈተነ ይኬዳል። ሜሞሪው የሚነካው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የነካ ሰው ስሕተት ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም። ሜሞሪው ደግሞ አታላይ ነው። የጂዲዲአር6 ሜሞሪ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ መረጃውን ደግሞ ስለሚልክ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ሥራው ይዘገያል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ነጥቡ ከወረደ ልኩ አልፏል ማለት ነው። ቅንብሩ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር በራሱ እንዲጫን የሚያደርገው ምልክት እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶ ይሁን፤ ነገር ከተበላሸ ማጥፋትና ማብራት ብቻ ይበቃል።

ካርዱ ይቃጠላል የሚለው ፍርሃት ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። በነዚህ ፕሮግራሞች የሚደረስበትን ቮልቴጅ አምራቹ ገድቦታል፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ካርዱ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለሁለት ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። እነዚህ አጥሮች የማይጠብቁት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ላዩ ላይ 500 ዋት ተጽፎበት ያን ያህል የማይሰጥ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ፣ ተቋርጦ በመጣ መብራት ከፍና ዝቅ የሚል መስመር፣ መሬት ያልያዘ ሶኬት፦ ዕቃ የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ የሌለው ሰው የኦቨርክሎክን ነገር ያቆየው፤ መብራት ሲጠፋም እስኪረጋ ገመዱን ይንቀል። ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ «ለ5 በመቶ ይህ ሁሉ ድካም?» የሚለው ነው። ለአንዳንዱ ሥራ በእርግጥ አይገባም። የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሮ ፋይሉን ብቻ የሚያወጣ ቤት የሚጠቀመው በካርዱ ውስጥ ለብቻው የተሠራውን የቪዲዮ ኢንኮደር ስለሆነ የዋናው ቺፕ መፍጠን ብዙም አይጠቅመውም። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀለም የሚያርምና የምስል ጭጋግ የሚያጠራ፣ ወይም በብሌንደር ሌሊቱን ሙሉ ምስል የሚያሠራ ግን ያተርፋል። ቮልቴጅ መቀነሱ ፍጥነት ለማይፈልገውም ይጠቅማል፦ ፋኑ ጸጥ ይላል፣ ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል።

የፈተናው ጊዜም ይመረጥ። በነሐሴ ሌሊት የጸና ቅንብር በመጋቢት ከሰዓት ክፍሉ ሲሞቅ ሊወድቅ ይችላል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርጉ ይከተላል፣ ማሽኑም ፋታ አያገኝም። ለቪዲዮ ቤት የሚመቸው ዐቢይ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም፣ ክፍሉ ሞቋል፣ ካርዱ ቢወድቅም የሚዘገይ የሰው ሥራ አይኖርም።