ረመጡ የት ተደፋ?

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የቤት እሳት ሌሊቱን አይጠፋም፣ ይዳፈናል። እራት ተበልቶ ሲያበቃ ፍሙ ወደ ምድጃው መሃል ይሰበሰብና አመድ ይለብሳል። ጎህ ሲቀድ አመዱ ገለጥ ሲደረግ ረመጡ እንደቀላ ይገኛል፤ ጭራሮ ጣል ይደረግበትና እፍ ይባላል። ማዳፈኑ ያልሰመረላት ባለቤት ናት ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ልትጭር የምትሄደው። ይህ የቤት ብልሃት የፊዚክስ ሊቃውንት ነበልባል የለሽ ቃጠሎ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ነበልባል ማለት የጋለ ማገዶ የሚተፋው ጋዝ በአየር ውስጥ ሲነድ ነው። ረመጥ ግን የሚነደው በራሱ ገላ ላይ፣ ከሰሉ ኦክሲጅን በሚነካበት ቦታ ብቻ ነው። አመድ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ እንደ ጋቢ ያሞቀዋል፤ በደቃቁ መካከል ያሉት ክፍተቶች ደግሞ ለነፍስ ያህል አየር ያስገቡለታል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከ21 በመቶ ወደ 15 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ነበልባል ይሞታል። ረመጥ ከዚያም ባነሰ ይኖራል፤ በጥቂት መቶ ዲግሪ ሙቀት፣ ያለ ጭስና ያለ ብርሃን፣ ለብዙ ሰዓት አንዳንዴም ለቀናት።

በበጋ ወራት ከቤት ውጭ ምግብ ማብሰል ይከልከል ወይስ አይከልከል ለሚለው ክርክር መነሻ መሆን ያለበት ይኸው የረመጥ ጠባይ ይመስለኛል። ድስቱ በተጣደበት ሰዓት ሰው አጠገቡ አለ፤ ዐይን ያየዋል፣ እጅ ይቆጣጠረዋል። እሳት የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ ከወጣ፣ ሰው ከተነሣና አመዱ ከተደፋ በኋላ ነው። የዓለምን የእሳት ክልከላ ሕግጋት ቀረብ ብሎ ላስተዋለም ይህ ልዩነት በውስጣቸው አለ። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት አጠቃላይ የእሳት ክልከላ በታወጀበት ቀን በእንጨትና በከሰል ውጭ ማብሰል ክልክል ነው። በጋዝና በኤሌክትሪክ መጥበስ ግን ይቻላል፤ ዙሪያው ሦስት ሜትር ከሚቀጣጠል ነገር ከጸዳ፣ ቢያንስ አሥር ሊትር ውሃ በቅርብ ከተቀመጠና አዋቂ ሰው ከአጠገቡ ካልራቀ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶችም ክልከላው ሲጠብቅ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። ከሰሉም ጋዙም እሳት ናቸው፤ ነበልባሉ እንዲያውም የጋዙ ይበልጣል። ልዩነቱ ጋዙ ሲዘጋ የሚቀር ረመጥ አለመኖሩ ነው። የዚህን ትርጉም የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ በውድ ዋጋ ተምራለች። በጥቅምት 1991 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ኮረብታ ላይ የተነሣ አነስተኛ የሣር እሳት በቁጥጥር ሥር ዋለ ተባለ። በማግስቱ ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ ከመሬት ሥር የተረፈውን ፍም ገልጦ ቀሰቀሰው፤ 25 ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ወደሙ።

እኛም የእሳት ወቅት አለን። በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌና የአካባቢው ደኖች ለሳምንታት ነደዋል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከ መምጣት ተደርሷል። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ቢታይ ወጨጫና የመናገሻ ሱባ ደን አሉ፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል በተሸፈነ መሬት ላይ በጥር ፀሐይ የተጣለ ፍም ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። በደን ዳርቻ ጥብቅ ክልከላ ቢታወጅ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ክርክሬ ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ በተለይም ደን በሌለበት፣ ነገር ግን የአዲስ አበባ አመድ ሁሉ ተጭኖ በሚደፋበት ቦታ፣ በቆሼ።

ቆሼ፣ ወይም በሰፈሩ ስም ረጲ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ፣ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ክምር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በደረሰው ናዳ ነው፤ ከ110 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነቤታቸው ተቀብረው ሞቱ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያንን ናዳ ለእሳት ክርክር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነበር፤ አላደርገውም። ክምር የሚናደው በዋናነት በቁልቁለቱ፣ በክብደቱና በውስጡ በሚጠራቀመው ፈሳሽ ነው። እሳቱ የተለየ ታሪክ አለው፤ ከናዳው በፊትም የቆሼ ጭስ ለአካባቢው ነዋሪ አዲስ ነገር አልነበረም።

ያ ጭስ የሚመጣው ክምሩ ራሱ የተዳፈነ ምድጃ ስለሚሆን ነው። የምግብ ትርፍራፊና ቅጠላ ቅጠል ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ላዩ ላይ የሚደፋው ቆሻሻ ያንን ሙቀት ይሸፍነዋል፤ በስንጥቁ አየር ይገባል። የሚጎድለው ጫሪ ብቻ ነው። ጫሪው ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ ከየቤቱ የሚወጣው አመድ ነው። የአዲስ አበባ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋገርም ቡናው፣ ብዙ ጊዜም ወጡ፣ ከሰል ላይ ነው። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሲያበቃ የምድጃው አመድ፣ በውስጡ ጥቂት ፍሬ ፍም እንደያዘ፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከፌስታል ጋር በማዳበሪያ ይከተታል። ማዳበሪያው በጋሪ ወደ ገንዳ፣ ገንዳው በመኪና ወደ ቆሼ ይሄዳል። በበጋ ጠዋት በየሰፈሩ ማንም ሳይለኩሰው የሚጨስ ገንዳ የዚህ ጉዞ አጋማሽ ነው። ማታ በየቤቱ የተዳፈነውን ጠዋት ነፋስ ይገልጠዋል።

ሕዳር 12 ደግሞ አለ። በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ ሕዳር ሲታጠን ሰፈር ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ተከምሮ ይቃጠላል። ስለ ጭሱ በየዓመቱ ይነገራል፤ ስለ አመዱ ግን አንድም ቃል አይሰማም። ክረምት ወጥቶ መሬቱ መድረቅ በጀመረበት ወር የአንድ ከተማ ሙሉ ትኩስ አመድ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ወደ አንድ ቦታ ይጋዛል። የቡሄ ችቦና የመስቀል ደመራ የሚነዱት መስኩ ገና ለምለም ሳለ ነው፤ የቀን አቆጣጠሩ ራሱ ይጠብቃቸዋል። ሕዳር ይህ ጥበቃ የለውም።

እንግዲህ ለምን ከቤት ውጭ ከሰል ማያያዝን በበጋ ጭራሽ አንከለክልም? የማይሆንበት ምክንያት የከሰል ኬሚስትሪ ውስጥ ነው። አየር ባጠረው ጊዜ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታና ቀለም የለውም፣ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ከሰል ደጅ ተያይዞ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ በደንብ ፍም እስኪሆን የሚጠበቀው ለዚህ ነው፤ ያም ቢሆን ፍሙ መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። ደጅ ላይ ምድጃ የሚያስቀምጥ ሰው በአንድ ክፍል ቤት የሚተኙ ልጆቹን እየጠበቀ ነው። የካሊፎርኒያን ክልከላ ቃል በቃል ወደ ቆሼ ዙሪያ ማምጣት ምድጃውን ከደጅ ወደ ውስጥ መግፋት ይሆናል፤ በካሊፎርኒያ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ምድጃ ነው፣ እዚህ ግን ያው ከሰል፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በር ተዘግቶ።

አንባቢ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፤ ቆሼ ሜታን ያመነጫል፣ እዚያ አጠገብ ነበልባል ራሱ አደገኛ አይደለም ወይ? ከቆሻሻ ክምር ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሜታን ነው፤ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ነገር ግን ሜታን ከአየር ይቀላል፤ በሜዳ ላይ ወዲያው ተበትኖ ከዚያ መጠን በታች ይወርዳል። የሚጠራቀመው በጉድጓድ፣ በቱቦ፣ ወለሉ ቆሻሻ ላይ ባረፈ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የሜታን ክርክር ክምሩ ላይ ቤት እንዳይሠራና በዝግ ክፍል ክብሪት እንዳይጫር ያስገድዳል እንጂ ደጅ ማብሰልን አይኮንንም። ይልቁንም የሚያስገርመው ሌላው ነገር ነው፤ ቀይ ፍም ሜታንን በቀላሉ አያቀጣጥልም፣ የክብሪት ነበልባል ግን ያቀጣጥላል። ረመጥ የሚፈራው ለጋዙ ሳይሆን ለደረቁ ወረቀት፣ ለጨርቁና ለፕላስቲኩ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ከሥር።

ከሥር የገባ እሳት ደግሞ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። ውሃ ቢረጭ ባገኘው ቦይ ሾልኮ ይወርዳል፣ የጋለው እምብርት ሳይነካ ይቀራል። ቢቆፈር አየር ያገኛል፤ ጠዋት ምድጃ እንደ መግለጥ ነው። የተለመደው መፍትሔ አፈር አልብሶ፣ ጠቅጥቆ፣ አየር ነስቶ መጠበቅ ነው፤ ይህም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከናዳው በኋላ ዩኤን ሃቢታት በጃፓን ድጋፍ በቆሼ የሞከረው የፉኩኦካ ዘዴ ፈሳሹን በቱቦ አውጥቶ አየር ወደ ክምሩ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሜታን ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋጋል። መልካም ዘዴ ነው። ይሁንና አየር የሚያገኝ ክምር ትኩስ አመድን ከበፊቱም ያነሰ ይታገሣል።

ታዲያ ረመጥን ከቤት ሳይወጣ ማጥፋት ምን ያህል ይከብዳል? አሸዋ ወይም አፈር ማልበስ ብዙዎች የሚያምኑበት ነው፤ ግን ይህ መዳፈን እንጂ ማጥፋት አይደለም። በአውስትራሊያ ሕፃናት በካምፕ እሳት ቅሪት ስለሚቃጠሉበት ሁኔታ በተደረገ ጥናት አሸዋ የለበሰ ፍም ከስምንት ሰዓት በኋላም ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ውሃ የፈሰሰበት በአሥር ደቂቃ ወደ 50 ወርዷል። ውሃ ደግሞ ቆሼ አካባቢ በፈረቃ የሚመጣ፣ በጀሪካን የሚጠራቀም ነገር ነው፤ በአመድ ላይ አፍስሱት ማለት ለመናገር ይቀላል የሚል ሰው አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። በ600 ዲግሪ የጋለ 200 ግራም ፍምና አመድ ወደ 100 ዲግሪ እንዲወርድ ወደ 130 ኪሎ ጁል ሙቀት መውጣት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ ከቧንቧ ሙቀቱ ተነሥቶ እስኪተን 2,600 ኪሎ ጁል ያህል ይወስዳል። ሲካፈል 50 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ አንድ ስኒ እንኳ አይሞላም። በተግባር ውሃው እኩል ስለማይዳረስ አሥር እጥፍ ይደረግ፤ ግማሽ ሊትር ይሆናል። የቡናው ስኒዎች የታጠቡበት እጣቢ ይበቃል ማለት ነው። ምድጃው ላይ ግን አይፈስም፤ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አመዱ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይገለበጥና እዚያ ይረጫል፣ በዘንግ ይማሰላል፣ እንደገና ይረጫል።

ውሃ የሚሰስት ቤት ሌላም መንገድ አለው፤ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ቆርቆሮ። ፍሙ አየር ሲያጣ በራሱ ይሞታል። በበነጋታው ተንጓሎ የሚወጣው ከሰል ለሌላ ቡና ይሆናል፤ የከሰል ዋጋ በሚያሳስብበት ኑሮ ይህ ከማንኛውም ቅጣት የበለጠ ያግባባል። የተረፈው ንጹሕ አመድ ለዕቃ ማጠቢያም ሆነ ለጓሮ አፈር ይውላል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሼ አጠገብ የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን ወደ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከእንግዲህ ሁሉም ስለሚቃጠል የቤት አመድ ምን ያሳስባል የሚል ክርክርም ይሰማል። ቆሻሻው ግን ወደ እቶኑ ከመግባቱ በፊት በጓዳ ይጠራቀማል፤ ትኩስ አመድ እዚያ ሲገባ ጓዳው ይቀጣጠላል፣ ይህም በዓለም ዙሪያ በመሰል ፋብሪካዎች የታወቀ ችግር ነው። ደግሞም እንዲህ ያሉ ማቃጠያዎች ከእቶኑ ሥር የሚወርደውን የራሳቸውን አመድ በአብዛኛው ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ነክረው ነው የሚያወጡት። ፋብሪካው ለራሱ የሚያውቀውን ሕግ ለየቤቱ የነገረው የለም።

ሕግ ይውጣ ከተባለ ከየት እንደሚጀመር ግልጽ ይመስለኛል፤ ቆሻሻ ከየቤቱ ከሚሰበስቡት ማኅበራት። ጋሪው ላይ ለአመድ ብቻ የሚሆን ክዳን ያለው በርሜል ይኑር፤ ሰብሳቢዋም የእጇን ጀርባ ከማዳበሪያው አስጠግታ ሙቀት ከተሰማት አልወስድም የማለት መብት ይኑራት። በበጋ፣ በተለይ ከሕዳር 12 በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማዳበሪያው በጀርባዋ ላይ ሳለ ነው ሙቀቱ መጀመሪያ የሚታወቀው።