የገጠሩ ጤና በነርሷ ትከሻ ብቻ አይቆምም

ጤና የሥራ ሁሉ መሠረት ነው። የሠራተኛው ክንድ መሣሪያ የሚይዘው፣ የገበሬው ትከሻ ሸክም የሚችለው፣ እናት ልጇን አጥብታ የምታሳድገው ጤና ሲኖር ነው። ይህ ማንም የማይክደው እውነት ቢሆንም፣ የሕክምና አገልግሎት ለረጅም ዘመን በከተሞች ተወስኖ፣ አብዛኛው ሕዝባችን የሚኖርበት ገጠር ለበሽታና ለዕድል ተጥሎ መቆየቱ የቅርብ ታሪካችን ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ ምን ተሠራ? ምንስ ቀረ? የቀረውንስ ማን ይሠራዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ አካባቢ ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርተን መመርመር ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ዓይናችንን ወደ ጌዴኦ ዞን እንመልሳለን።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲላ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ጌዴኦ እንሰትን፣ ቡናንና ጥላ ዛፍን በአንድ ማሳ አዋሕዶ የሚያለማ፣ ይህም ጥበቡ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረለት ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ847 ሺህ በላይ ሲሆን፣ የቆዳ ስፋቱ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ተቀራርቦ መኖሩ አገልግሎቱን ቅርብ አላደረገውም። ቤቱ በእንሰቱ መካከል፣ እንሰቱም በተዳፋቱ ላይ ነው። ከቤት እስከ መኪና መንገድ ያለው ርቀት በእግር የሚወጣና የሚወረድ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው። ለም መሬቱ ሕዝቡን ሲያኖር፣ የመሬቱ አቀማመጥ ሕመምተኛውን ያዘገያል። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው።

የገጠሩን ጤና ወደ ገጠሩ የማድረስ ሐሳብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ማሠማራት የጀመረው ለዚሁ ዓላማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃን መርሕ ሲያጸድቁ ሕዝቡ የራሱን ጤና በማቀድና በማስፈጸም የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳለበት አረጋግጠዋል። በዚያው ዘመን በአገራችን በገበሬ ማኅበራት የተመረጡ የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ሥልጠና ወስደው ወደ መንደራቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ፣ ለየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን በመመደብ፣ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችን በጤና ኬላዎች አሠማርቷል። በዲላም እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ፣ ነርሶችንና አዋላጆችን የሚያፈራ፣ ሆስፒታልም ያለው ሆኗል።

ውጤቱ በቁጥር የሚታይ ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ከ100 ሺህ ሕያው ልደቶች አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ሲሆኑ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ዝቅ ብለዋል። በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድም በ1992 ከመቶ 5፣ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 48 ደርሷል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ያው ቁጥር በሌላ ዓይን ሲነበብ፣ በ2011 ዓ.ም. ከሁለት ወሊዶች አንዱ በቤት ውስጥ ይፈጸም እንደነበር ይነግረናል።

የእናቶችን ሞት ያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይለያሉ። አንደኛው በቤት ውስጥ የሚደርሰው የውሳኔ መዘግየት ነው። ምጥ የጀመራት ሴት እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንሰት ስትፍቅ የቆየች ልትሆን ትችላለች፤ ባልና አማት እስኪመክሩ፣ ገንዘብ እስኪፈለግ ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛው የመንገድ መዘግየት ነው። አምቡላንስ ቢኖር እንኳ ተዳፋቱን ወጥቶ ደጃፍ አይደርስም፤ እስከ አውራው መንገድ የሚያደርሳት የጎረቤት ትከሻና ቃሬዛ ነው። ሦስተኛው በጤና ተቋሙ ውስጥ የሚደርሰው መዘግየት ነው፤ መድኃኒት ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ ባለሙያ ሲጓደል የሚታየው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል እያንዳንዱ መዘግየት የሕይወት ዋጋ አለው።

በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ነርሷና አዋላጇ ቆመዋል። በገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ታያለች፤ ወባ መሆኑን ትመረምራለች፤ ቁስል ታጥባለች፤ ክትባቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳይበላሽ ትጠብቃለች፤ መዝገብም ትሞላለች። ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን እንኳ ቅዝቃዜ የሚሻ መድኃኒት ነውና የመብራት መቋረጥ ለእርሷ የሕክምና ችግር ነው። ሥራዋ እጅ ከመታጠብ ይጀምራል፤ የሕመምተኛውን ቋንቋ ከማክበርም ይዘልቃል። በጌዴኦኛ የምትናገር እናት በጌዴኦኛ ስትደመጥ ሕመሟን ትገልጻለች፤ የተመናጨቀች እናት ግን ለሚቀጥለው ወሊድ አትመለስም፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። ስለዚህ የሙያ ሥነ ምግባር ከመድኃኒት የማያንስ ሕይወት አዳኝ ኃይል መሆኑን ባለሙያው ሊገነዘብ ይገባል።

ከባለሙያው ይህን የምንጠይቅ ከሆነ የባለሙያውንም ኑሮ መጠየቅ ግዴታችን ነው። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ በአገር ደረጃ በአደባባይ መነሣቱ የሚታወስ ነው። የምታድርበት ቤት፣ የምትጠጣው ውሃ የሌላት ነርስ በሩቅ ቀበሌ እንድትጸና መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።

እንግዲህ የተደራጀው ሕዝብ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በደረሰው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በተፈናቀለ ጊዜ፣ ከመጋዘን እህል በፊት ለብዙዎች የደረሰላቸው የዘመድና የጎረቤት ቤት ነበር። ያን ያህል አቅም ያለው ሕዝብ የአንዲትን ወላድ መንገድ ማቃናት አያቅተውም። ጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የሚዳኙበት ሶንጎ አለው። ሶንጎው ስለ ወሰንና ስለ ዕርቅ እንደሚመክር ሁሉ፣ በመንደሩ ውስጥ ወራቸው የገባ እናቶች እነማን እንደሆኑ፣ ቃሬዛውን ማን እንደሚሸከም፣ ማንስ አስቀድሞ ወደ እናቶች ማቆያ እንደሚሄድ ሊመክር ይችላል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም የቡና ገንዘብ በእጅ ባለበት ወቅት ቢከፈል፣ በክፉው ወር የታመመው ገበሬ ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ከመሸጥ ይድናል።

የዲላ ከተማ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም ከዚህ ኃላፊነት ውጭ አይደሉም። ከገጠር በሪፈር የምትመጣው እናት የምትተርፍበት ደም በፋብሪካ አይመረትም፤ ከፈቃደኛ ሰው ክንድ ይገኛል። እድሮች ለቀብር የሚያወጡትን ጉልበትና ገንዘብ ጥቂቱን ለሕይወት ቢያውሉት፣ የቀበሌ ማኅበራትም የጤና ጣቢያቸው መድኃኒትና ውሃ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በየስብሰባቸው ቢጠይቁና ቢቆጣጠሩ፣ ሦስቱም መዘግየቶች ያጥራሉ።

መንግሥት ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ያሠለጥናል፤ ነርሷ ሌሊቱን ነቅታ ትጠብቃለች። ከተዳፋቱ ሥር ያለችውን እናት ወደ እርሷ የማድረሱ ሥራ የእኛ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በመንደሩ፣ በቀበሌውና በሥራ ቦታው ተደራጅተን ይህን ድርሻችንን ዛሬውኑ እንወጣ።