ፑለር የሚመረጠው በጥርሱ ነው

የድሮ ሞተር ሳይክል ሞተር የሚፈታ ሰው የቮላኖውን ዳዶ ካወለቀ በኋላ ቮላኖው በእጁ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ወደ ውጭ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ የቮላኖው ቀዳዳም በዚያው ልክ የተቀደደ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ሾጣጣዎች እርስ በርስ ይጨማደዳሉ፤ ኃይሉን የሚሸከመውም ያ ጭምድድ ነው። በመካከላቸው ያለችው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ቮላኖው ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ታደርጋለች፤ ጭነት የመሸከም ሥራ የላትም። ዓመታት ያለፉበትን ይህን መጣበቅ የሚያላቅቀው ፑለር ነው።

ካርቱም ውስጥ ይህ መሣሪያ ብዙ ሥራ አለው። ሱዳኖች ረክሻ የሚሉት፣ እኛ ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን መንገዶች ሲርመሰመስ የኖረ ነው። በካርቱሙ ዴም ሰፈር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። የዚያ ባለ ሁለት ምት ሞተር የዘር ሐረግ ደግሞ ወደ ጣሊያኑ ቬስፓ ይመዘዛል። ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዞች እጅ ስለነበረች፣ የእንግሊዝ ብሎንና ቁልፍም ለአሮጌዎቹ መካኒኮች እንግዳ አልነበረም። ስለዚህ በካርቱም አሮጌ ሞተር የሚጠግን ሰው አንድ ቀን የጣሊያን፣ አንድ ቀን የጃፓን፣ ሌላ ቀን የእንግሊዝ ሥራ ይገጥመዋል፤ የሦስቱም ፑለር የተለያየ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ባለ ሦስት እግሩን ፑለር ነው፤ በየዕቃ መሸጫው ይገኛልና። ይህ መሣሪያ ለጥርስ ጎማና ጀርባው ክፍት ለሆነ ኩሽኔታ ጥሩ ነው፤ ለማግኔት ቮላኖ ግን ጠላት ነው። እግሮቹ የሚይዙት የቮላኖውን ጠርዝ ነው፤ የተጣበቀው ግን መሐሉ ነው። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ጠርዙ ይጣመማል፣ መሐሉን ከጠርዙ ያያዙት ሪቬቶች ይላላሉ፤ ቀረጻው አሉሚኒየም ከሆነ ይሰነጠቃል። በካቻቢቴ ከኋላ መፈንቀልና በመዶሻ መደብደብ ከዚህም የባሰ ነው። የአብዛኞቹ አሮጌ ነጠላ ሲሊንደር ሞተሮች ክራንክ ሻፍት በፕሬስ ተገጣጥሞ የተሠራ ስለሆነ፣ ከጎን የመጣ ምት ከመስመሩ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በንዝረት ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል።

ትክክለኛው ፑለር በቮላኖው መሐል ወዳለው ጥርስ የሚገባ ወይም መሐሉን ከውጭ የሚይዝ ነው፤ ከዚያ የመሐል ብሎኑ የሻፍቱን ጫፍ ይገፋል፣ ቮላኖውም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ታዲያ የምርጫው ቁም ነገር ሦስት ነው፦ የጥርሱ ስፋት፣ በአንዱ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት፣ ደግሞም አዙሪቱ። ለብዙ የጃፓን ሞተሮች የሚሸጠው ስፋቱ 27 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትር የሆነው ነው። ይኸው ልክ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚዞር ሆኖ ይሠራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይመሳሰላሉ። የግራውን ወደ ቀኝ እያዞረ በኃይል የሚያስገባ ሰው የቮላኖውን ጥርስ ይፈጨዋል፤ ቮላኖውን ለማውጣት ያለው ብቸኛ መያዣም አብሮ ይጠፋል። በሌሎች ሞተሮች ላይ ደግሞ ረጅም ብሎን ብቻ በቂ ነው፤ ራሱ በቮላኖው ጥርስ ውስጥ ገብቶ የሻፍቱን ጫፍ ይገፋል። ብዙ የቬስፓ ሞዴሎች ለዚህ የተለየ ፑለር አይፈልጉም፤ ዳዶው ከፊት ባለ የብረት ቀለበት ስለታገደ፣ ሲፈታ ቀለበቱን እየገፋ ቮላኖውን ይዞት ይመጣል። ቀለበቷ ከጠፋች ግን ይህ አይሠራም፤ በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቀለበቷ ጠፍታለች።

የእንግሊዝ ሞተር የራሱ ጣጣ አለው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የብሎን መለኪያ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪኩ 60 ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ ገጥሟል ብሎ የሚጫነው ሰው ጥርሱን ያጠፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በብዛት የተጠቀመበት 496 ሲሲ ያለው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ የማግኔቶው ጥርስ ጎማ ሾጣጣ ላይ የሚቀመጠው ያለ መቆለፊያ ብረት ነው። ከመሳቡ በፊት በጥርሶቹ ላይ ምልክት ያላደረገ ሰው የእሳቱን ሰዓት እንደ አዲስ መለካት አለበት።

ሐቡብ የሚባለው የካርቱም አውሎ ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ በጥርሱ መካከል ይቀመጣል። ስለዚህ ፑለሩ ከመግባቱ በፊት ጥርሱ በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን ይጠረጋል፣ ስፋቱ በካሊፐር ይለካል። ከዚያ ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ ይሞከራል። በጣት ብዙ ዙር ካልገባ ልክ አይደለምና መቆም ነው። የገባው ደግሞ እስከ ታች ይግባ፤ ሦስት ጥርስ ብቻ የያዘ ፑለር ሁሉንም ጥርስ ይዞ ይወጣል። ዳዶው በሻፍቱ ጫፍ ልክ ተመልሶ ይቀመጣል፣ የሻፍቱ ጫፍ እንዳይጨፈለቅና ቮላኖው በድንገት ሲለቅ እንዳይወድቅ። የመሐል ብሎኑ ዘይት ይቀባል፣ ይጠብቃል፤ ቮላኖው ካልለቀቀ በብሎኑ ራስ ላይ በመዶሻ አንድ ቀጥ ያለ ምት ይመታና እንደገና ይጠብቃል። ሲለቅ ጠንከር ያለ ድምፅ ያሰማል። ሙቀት ከተፈለገ መሐሉ ላይ ብቻ፣ በመጠኑ ይሁን፤ የሚነድ ችቦ ማግኔቱን ያዳክማል፣ የውስጡን ጠመዝማዛ ሽቦ መከለያም ያቃጥላል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በካርቱም ብዙ ወርሻዎች ተዘርፈዋል፤ ልዩ መሣሪያዎችም አብረው ሄደዋል። ስለዚህ ፑለር ማሠራት አዋጭ ነው ባይ ነኝ። ወደ ቶርኖ ቤት ልኩን በወረቀት ጽፎ ከመሄድ ይልቅ ቮላኖውን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ሻፍቱ ላይ ከተጣበቀም ሞተሩን። አካሉ ከጠንካራ ብረት ይሠራ፤ በተራ ብረት የተሠራ ከሆነ የመጀመሪያውን አጥብቆ የያዘ ቮላኖ ሳያወጣ ጥርሱ ይተኛል። የመሐል ብሎኑ ጫፍ ደግሞ በሙቀት ይጠንክር።

ቮላኖው ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሾጣጣዎች ዘይት እስኪያጡ ተወልውለው ደርቀው ነው የሚገጠሙት፤ ጭምድዱ በንጹሕ ብረት ላይ ነውና። የተላጠ ወይም የተፋፋቀ ቦታ ካለ የቫልቭ መፍጫ ሊጥ ቀብቶ ቮላኖውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማሻሸት፣ ከዚያ ሊጡን ፈጽሞ ማጠብ ይገባል። የግማሽ ጨረቃዋ ብረት የጎበጠች ወይም የተቆረጠች ከሆነ በአዲስ ትተካ፤ ቮላኖው በትንሽ እንኳ ከዞረ እሳቱ ከሰዓቱ ውጪ ይመጣል፣ ሞተሩም ከመነሳት ይልቅ ወደ ካርቡሬተሩ ይተፋል።