ዐቃብያነ ጓሳ

በሰሜን ሸዋ ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛ፣ የገብሱ ማሳ እየሳሳ ነፋሱም እየበረታ ከሄደ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋው ደጋ ሲደርስ፣ ሜዳው ሁሉ ጠጕሩን እንዳልተላጨ ባሕታዊ ጎፍሮ፣ ጅብራውም በየመካከሉ ብቻ ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። ይህ ጎፈሬ ጓሳ የሚባለው ሣር ነው፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ቦታም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሣር ነው።

ለማያውቀው ሰው ሣር ሁሉ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ግን በጓሳ ቤቱን ይከድናል፣ ጠምዝዞ ገመድ ያደርገዋል፣ ለእረኛውም ጌሳ ይሠራበታል፤ ጌሳ የደረበ እረኛ በሐምሌ ዶፍ መካከል በጎቹን ይዞ ሲቆም፣ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ በእግሩ ሥር ይወርዳል እንጂ ወደ ገላው አይዘልቅም። በብርድ አገር ክዳንንም፣ ማሰሪያንም፣ ልብስንም አንድ ሣር የሚሰጥ ከሆነ፣ ሁሉም እንዳሻው እየገባ ቢያጭደው በጥቂት ዘመን ውስጥ ምድሩ ራቁቱን እንደሚቀር አበው ሳይመረምሩት አልቀሩም።

ስለዚህም በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ተጀመረ የሚነገርለት፣ ቄሮ የተባለው ነባር ሥርዐት ቆመ። በትውፊት እንደሚባለው አገሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ የእነርሱ ውሉደ ውሉድ የሆኑት ባለ ርስቶችም በየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ እየመረጡ ጓሳውን ያስጠብቁ ነበር። የአባ ቄራ ዋና ግብሩ መዝጋትና መክፈት ነው። ሣሩ እስኪጎለምስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማጭድም ከብትም እንዳይገባ ይዘጋል፤ በደረሰ ጊዜ፣ በበጋው ድርቅ መካከል፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በቀብር ላይ የመክፈቻውን ቀን ያስነግራል። አስቀድሞ አጫጁ፣ ከአጫጁ ኋላ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣም የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣል። ቀኑ ከበዓል ጋር የታሰረ ነውና ረሳሁት ብሎ ማመካኘት አይቻልም። ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም፤ በዝግ ዘመን በታጨደ ጓሳ የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዚህ ሥርዐት ቃል ሁሉ ስለ ሣር ሆኖ ሳለ፣ ሣሩ በመጠበቁ ውኃው ዐብሮ መጠበቁ ነው። የሰማዩን ዝናብና የማለዳውን ጉም ጓሳው እየተቀበለ ለሥሩ፣ ሥሩም ለረግረጉ እያስረከበ፣ ረግረጉ ደግሞ በበጋ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀው፣ ምንጮቹ ወደ ምዕራብ ለዐባይ፣ ወደ ምሥራቅም ገደሉን ወርደው ለአዋሽ ይገብራሉ፤ በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች፣ አንዱ በግብጽ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን፣ ሌላውም በአፋር በረሃ ወዳለው ጨዋማው አቤ ሐይቅ ሊሄዱ ይለያያሉ።

ቀይ ቀበሮም ከዚሁ ሣር ውስጥ አይጥ እያደነ ይኖራል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ የጓሳ ምርምር እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሠምርለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዶቹ፣ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል የሚሮጡት እነዚያው፣ ልጆቻቸውን እንደማይነካ ዐውቀው ነው መሰል፣ ከእርሱ አይሸሹም።

ይህን ስል ቄሮን እንከን የሌለበት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደውን ከደጅ የሚያስቀር ሥርዐት ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ርስት ሲሻር የአባ ቄራ ሥልጣንም ዐብሮ ተሻረ፤ በደሉ የቀረለት ጎረቤትም፣ ባለ ርስቱም፣ ማጭዱን ይዞ በፈለገው ወር ገባ። በኋላ ግን ገበሬዎቹ ሣሩ እያነሰ መሄዱን አይተው፣ ከየቀበሌው ወኪል የሚቀመጥበት ኮሚቴ አቋቁመው፣ የትውልድ ሐረግ ሳይጠየቅ ሁሉም በደንብ የሚገባበትን መዝጋትና መክፈት እንደ ገና ጀመሩ፤ ሥራቸውም በ1996 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አስገኘላቸው።

ዛሬ በመንዝ መንደሮችም ቆርቆሮ ይመታል። አያቱ ለክዳኑ ሲል የጠበቀውን ሣር፣ በቆርቆሮ ሥር የሚያድረው የልጅ ልጅ ስለ ምን ብሎ ይጠብቀው ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ለጊዜው ገመዱ ገና ከጓሳ ነው፤ ቆርቆሮው ነፋስ እንዳይወስደው በገመድ የሚያስረውም አይጠፋም።