ከድል ቀን በፊት ያለው ድካም
የሩጫ አሠልጣኝ ኑሮ በአዲሱ የውድድር ዘመን መግቢያ

በውድድር ቀን ሕዝብ የሚያየው የሚሮጠውን ሰው ነው፤ የሚጨበጨብለትም፣ ስሙ በጋዜጣ የሚጻፍለትም እርሱው ነው። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ብዙ ወራት በብርድና በጭቃ ቆሞ ያሠለጠነው መምህር ግን ሰዓቱን በእጁ እንደ ያዘ ከሕዝቡ መካከል ይቀራል፤ የሚያውቀውም ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ እኛ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ አሸናፊው ሳይሆን ስለዚህ ሰው፣ ስለ ቤቱና ስለ ኑሮው፣ ይልቁንም አዲሱ የውድድር ዘመን ሳይከፈት ስለሚደክመው ድካም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

የኮሌጅ ተማሪዎችን ለውድድር የማዘጋጀት ሥራ በዓለም እጅግ ከታወቀባቸው ስፖርቶች አንዱ በእንግሊዝ አገር ያለው የጀልባ ቀዘፋ ነው። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያደረጉት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1829 ነበር፤ ከብዙ ዘመንም ጀምሮ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ 6.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀዝፋሉ። በአንዱ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ ይቀመጣሉ፤ ስምንቱ መቅዘፊያዎች በአንድነት ውኃውን ካልነኩ የሰዎቹ ጉልበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው በአውስትራልያ የተወለዱት ስቲቭ ፌርበርን ናቸው። እኒህ ሰው በኬምብሪጅ ጂሰስ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ የኮሌጁን ቀዛፊዎች አሠለጠኑ፤ ተማሪዎች በብርዱ ወራት ረጅም መንገድ መቅዘፍን እንዲለምዱም ብለው በ1926 በቴምዝ ላይ ብዙ ጀልባዎች የሚሽቀዳደሙበትን የረጅም መንገድ ውድድር መሠረቱ።

ነገር ግን የኮሌጅ አሠልጣኝ ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ፈተና አለው። ይኸውም ሦስትና አራት ዓመት የደከመበት ተማሪ ሙሉ ሰው በሆነ ጊዜ ትምህርቱን ፈጽሞ ይሄዳል፤ በምትኩም መቅዘፊያ አያያዝ እንኳ የማያውቅ አዲስ ልጅ ይመጣል። ገበሬ አምና ያረሰውን መሬት ዘንድሮም እንደ ገና እንደሚያርስ፣ እርሱም በየዓመቱ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በአገራችን በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ መቅዘፍ የቆየ ሙያ ነው። የጉደር ወንዝ ግን ከዓለት ወደ ዓለት እየተወረወረ ወደ ዓባይ የሚወርድ በመሆኑ ለጀልባ ግጥሚያ የሚመች አይደለም። ስለዚህ የዚህ አገር ልጆች ጀልባቸው እግራቸው ነው ማለት ይቻላል። ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ የሚያድግ ልጅም ሰውነቱ በቀጭን አየር መሥራትን ይለምዳል። ከአምቦ የተገኘው ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ማግኘቱ፣ የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳም በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ብር መሸለሙ የታወቀ ነው።

ትምህርትም በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በጉደርም በማሞ መዘምር ስም የተሰየመ ካምፓስ አለው። እንግዲህ ተማሪ ባለበት ስፍራ ሁሉ መጥቶ መሄድ የማይቀር ስለሆነ፣ በጉደር የሚያሠለጥን መምህር ፈተና ከኬምብሪጁ መምህር ፈተና ጋር አንድ ነው።

የክረምቱ ዝናም ሊወጣ ሲል፣ ወንዙ ገና እንደ ደፈረሰ ሲጮኽ፣ የእንዲህ ያለ መምህር ሥራ ይጀመራል። ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ አንዳንዱ አረም ሲያርም፣ አንዳንዱ ከብት ሲጠብቅ፣ አንዳንዱም ያለ ሥራ ተቀምጦ የከረመ ነውና ሁሉን በአንድ ሚዛን ማሠራት አይቻልም። መምህሩ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ይነሣል፤ ባለቤቱም ከእርሱ ቀድማ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፣ በሶም ትበጠብጥለታለች። በ12 ሰዓት ልጆቹን ሰብስቦ ያስሮጣል፤ በ2 ሰዓት እንደ ማንኛውም አስተማሪ ከክፍል ይገባል፤ ከቀኑ በ10 ሰዓት ደግሞ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ማታ የገዛ ልጆቹ ሲተኙ እርሱ በመብራት ደብተሩን ገልጦ የየአንዳንዱን ተማሪ ድካም ይጽፋል።

የሥራውም ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ ይሮጣሉ። ልብና ሳንባ ፈጥነው ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው የሚጠነክሩ ናቸው። ስለዚህ ብርታት የተሰማው ልጅ ሁሉ «ልፍጠን» ባለ ጊዜ መምህሩ ይከለክለዋል። ቀጥሎ የዳገት ሩጫ ይመጣል፤ ከዚያም በሰዓት እየተለካ አጭርና ፈጣን ሩጫ ይሆናል፤ ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ ሥራው ይቀነሳል። ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን ሊኖር ይገባል። ተማሪው ጧት ከመኝታው ሳይነሣ የልቡን ትርታ ይቈጥራል፤ ቍጥሩ ከወትሮው በዝቶ ከተገኘ ሰውነቱ ገና እንዳላረፈ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያ ቀን ሥራ ይቀልለታል። ለዚህ ሁሉ ሰዓትና ደብተር፣ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማሠራት ለብዙዎች የሚቻል ነው፤ በጊዜው ማስቆም ግን የዐዋቂ ሥራ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። እኒህ ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1946 ወደ አገራችን መጥተው ወጣቶችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያስተማሩ፣ የክብር ዘበኛውን ወታደር አበበ ቢቂላንም ለሮማ ኦሊምፒክ ያዘጋጁ ናቸው። ከጉዞው አስቀድሞ በአዲስ አበባ በተደረገው ሩጫ አበበ የሮጠበት ሰዓት፣ የቼኮዝሎቫክያው ዛቶፔክ በ1952 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ካቆመው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ማለት ከ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ የተሻለ ነበር። ሮማ ከደረሱ በኋላ ግን የተገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስለ ጐዳው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተወሰነ። መምህር ያሰበውን ትቶ ለተማሪው የሚበጀውን መቀበል እንዳለበት ከዚህ እንማራለን። የመንገዱንም ምልክት አስቀድመው ለይተው ነበር፤ ይኸውም በዚያን ዘመን በሮማ ቆሞ የነበረው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ በሐውልቱ አጠገብ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ ገሠገሠ፤ ማራቶኑንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። በማግሥቱ በአገራችን እንቍጣጣሽ ነበረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ፈተናው ሌላ ሆነ። አበበ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የቶኪዮ ማራቶን ግን በጥቅምት 11 ቀን ነበር። በመካከሉ ያለው 35 ቀን ብቻ ነው። ቢቸኩሉ ቍስሉ ሊያመረቅዝ፣ ቢዘገዩ የዓመታት ልፋት ሊባክን ነው። አበበ በዚያ ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝ ሕዝብ ያጨበጨበው ለሩጫው ነው፤ በ35ቱ ቀን የነበረውን ጥንቃቄ ግን የሚያመዛዝን አስተዋይ ብቻ ነው።

ስለ ሩጫው ይህን ካልን ወደ ቤተ ሰብ ነገር እንመለስ። የአሠልጣኙ ሥራ ከሜዳ ይልቅ በተማሪዎቹ ወላጆች ቤት የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አጨዳና ውቂያ ሲቀርብ አባት የልጁን ጉልበት ይፈልጋል፤ ሴት ልጅ እንደ ሆነች ደግሞ ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ የሚጠብቀው እርሷን ነው፤ በማለዳ ብቻዋን መውጣቷም እናቷን ያሳስባታል። ስለዚህ መምህሩ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ለሽማግሌ በሚገባ አክብሮት «አባቴ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይስጡኝ፤ ከትምህርቷም ከቤቷም ሥራ አላጐድላትም» እያለ ይለምናል። ቃሉንም የመጠበቅ ዕዳ አለበት፤ አንዲት ልጅ በእርሱ ምክንያት ትምህርቷን ብታቋርጥ የሌሎቹ ደጅ ሁሉ ይዘጋበታልና። ይህ ልመና ከንቱ እንዳልሆነ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10000 ሜትር አሸንፋ፣ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ በመሆኗ ለዓለም ታይቷል።

ደራርቱን በልጅነቷ በበቆጂ ያሠለጠኑት የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ፋጡማ ሮባም፣ ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም በእጃቸው አልፈዋል። ሁሉም በጐለመሱ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ሄዱ፤ መምህሩ ግን በዚያው በበቆጂ ሜዳ ከአዲሶቹ ልጆች ጋር ቀሩ። ይህን ነገር ለሚያስተውል ሰው የአሠልጣኝ ደመወዝ ምን እንደ ሆነ ይገለጥለታል። ተማሪው ትቶት በሄደ ጊዜ የሚያዝንም የሚደሰትም እርሱ ነው፤ ልጁን ድሮ ቤቱ ባዶ የሆነበትን አባት ይመስላል።

በዚህ ሁሉ የመምህሩ ባለቤት ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ባሏ በሰንበት እንኳ ከሜዳ ሲውል ቤቱን የምትጠብቅ፣ ስንቅ ያልያዘ ተማሪ ሲመጣ ከልጆቿ እንጀራ ከፍላ የምታበላ እርሷ ናት። መምህሩም በበኩሉ የሰውን ልጅ ሲያሳድግ የገዛ ልጁን እንዳይረሳ በሳምንት አንድ ማታ ደብተሩን ዘግቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ቢቀመጥ መልካም ነው። ለተማሪዎቹ ዕረፍትን የሚያስተምር ሰው ለራሱ ሊነፍገው አይገባም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ሥልጣን ያላችሁ፣ ለአሸናፊ ሽልማት ማዘጋጀታችሁ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የሚሮጥበት ሜዳ ለሌላ ጉዳይ እንዳይወሰድ መጠበቅ፣ ለትምህርት ቤቱ የሰዓት መለኪያና ጫማ በጊዜው መስጠት፣ የአሠልጣኙንም ደመወዝ ወሩን ሳያሳልፉ መክፈል ከሽልማቱ ይቀድማል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኅዳር ወር የሚደረገውን ታላቁን ሩጫ ለማየት የምትወጡ ሁሉ፣ የየሯጩን መምህር ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ወላጆችም መምህሩ ከደጃችሁ ቢቆም ወንበር አቅርባችሁ ነገሩን አድምጡት። ለእርሱ ዘመኑ የሚጀምረው ዛሬ በጭቃው ነውና፣ የሚረዳው ሰው ሊያገኝ የሚገባውም ዛሬ ነው።