አተላ ስላለው ብቻ ፎርጅድ አይባልም!

የትናንት ማታውን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ደንበኛ ከፈረንሳይ ያመጣውን የ2006 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ኮርናስ የተባለ ወይን ለአስተናጋጁ ሰጠ። ልጁ ጠርሙሱን ከቦርሳ እንደወጣ ወዲያ ወዲህ እያገላበጠ ወልውሎ፣ ቡሹን ነቅሎ ቀዳ። ሁለተኛው ዙር ላይ ደፈረሰ። ከጠረጴዛው አንዱ "አተላ አለው፤ ፎርጅድ ነው የሸጡልህ" ሲል ሱፐርቫይዘራችን "ልክ ነዎት፣ ተበላሽቷል" ብሎ አጸደቀለት። እኔ ስደርስ ግማሹ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ተደፍቷል። ሥሩ የቀረችውን አሸተትኩ፦ ቁንዶ በርበሬ፣ ጭስ የነካው ሥጋ። (ቁንዶ በርበሬው ምናብ አይደለም። ሮተንዶን የሚባለው ውህድ ቁንዶ በርበሬውም ወይኑም ውስጥ አለ።) ወይኑ ምንም አልሆነም ነበር!

እንግዲህ በተራ፦

1. ኮርናስ መንደር ነው። ከሮን ወንዝ በስተምዕራብ፣ ከቫላንስ ከተማ ፊት ለፊት። ከ1938 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ከሲራ በቀር ሌላ የወይን ዝርያ አይገባበትም። ዳገቱ ግራናይት ነው፤ አብዛኛውን ትራክተር አይወጣውም።

2. ሲራ ከፋርስ፣ ከሺራዝ ከተማ መጣ የሚባለው ተረት ነው። በ1998 በዲኤንኤ ምርመራ ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንዱዝ ብላንሽ የሚባሉ የዚያው የፈረንሳይ ዝርያዎች መሆናቸው ታውቋል። ሜኑ ላይ ተረቱን የምታትሙ፣ እባካችሁ ተዉ።

3. አሮጌ ግንድና አሮጌ ወይን ለየቅል ናቸው። ያረጀ ግንድ ፍሬው ትንሽ ነው፤ ጠጁ ግን ጠንካራ ይሆናል። ደግሞ "ቪዬይ ቪኝ" (አሮጌ ግንድ) ተብሎ ጠርሙስ ላይ ለመጻፍ ግንዱ ስንት ዓመት ይሁነው የሚል ሕግ ፈረንሳይ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን ገበሬውን እወቁ።

አሁን ወደ አተላው። በ2015 በ95 ዓመታቸው ያረፉት ኖኤል ቬርሴን የመሰሉ የኮርናስ ገበሬዎች ዘለላውን ከነእንጨቱ ይከቱታል፣ በእግር ይረግጡታል፣ ባገለገለ በርሜል ያቆዩታል። ብልጭልጭ እስኪል ማጣራት የሚባል ነገር የለም። ከልጣጩ የወጣው ቀለምና አፍ የሚይዘው ታኒን በዓመታት ውስጥ እየተያያዘ ይከብድና ይወርዳል። አተላው ይኸው ነው። ያ ወጣትነቱ ላይ ምላስ የሚያደርቅ ወይን ሲያረጅ የሚለሰልሰውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠላ ሊቀዳ ሄዶ ጋን የሚያናውጥ ሰው እናቶቻችን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ። ልጁም ያውቃል፤ ዩኒፎርም ሲለብስ ረሳው እንጂ። ጠርሙሱን ቢያንስ አንድ ቀን ቀጥ አድርጎ ማቆም። ሲከፈት አለማንቀሳቀስ። አንገቱን ከሥር በሻማ፣ ሻማ ከሌለ በስልክ ባትሪ እያበሩ በዝግታ ዲካንተር ውስጥ መገልበጥ፤ አተላው ትከሻው ጋ ሲደርስ ማቆም። በቃ!

ልጁን አልወቅስም። የተማረበት ተቋም ለወይን የሰጠው ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቱ ስለ ናፕኪን አያያዝ። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" ብለው ያስሸመድዳሉ። የማን ክፍል? የኛ ባር ወይኖቹን የደረደረው ከቡና ማሽኑ በላይ ነው! ማቀዝቀዣ ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ "በጀት ሲለቀቅ" ተባልኩ። በወሩ ሎቢው ላይ ፏፏቴ ተሠራ።

4. ሁሉም ወይን ይቆያል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ መጠጣት ያለበት ነው። ዝዋይም ሲራ አለ፤ እሱን ለልጅ ልጅ አታስቀምጡ፣ ጠጡት።

ባለ ጠርሙሱ ጌታዬ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፦ ማንም አላታለለዎትም። ወይንዎ ደህና ነበር።